የሙዚየም ገንዘብ ከወዴት ይመጣል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በዛሬው በዓል ላይ እንድናገር ስታዘዝ ርእሱን ራሴ እንድመርጥ ተፈቅዶልኝ ነበር። ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ስፖርት መረጡ፤ እነዚህም መልካም ርእሶች ናቸው። እኔ ግን ሰው ብዙ ጊዜ የማያነሣውን ነገር መረጥሁ። ይኸውም ሥዕልና ቅርስ የሚጠበቅበት ቤት፣ ማለት ሙዚየም፣ የሚተዳደርበትን ገንዘብ ከመንግሥትና ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚያሰባስበው ሰው ሥራው ምን እንደ ሆነ ነው። ርእሱን የነገርኋቸው አንድ ጎረቤታችን «ልጄ፣ ልመና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው በትምህርት ቤት የሚሰጠው?» ብለው ሳቁብኝ። ቀልዳቸውን ወደድሁት፤ ነገር ግን ጨርሶ ቀልድ ብቻ ስላልሆነ መልስ ይገባዋል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላስታውቅ። የምጠራቸውን ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ ስለምጠቅሳቸው ድርጅቶች የተጻፈው ብዙው ነገር በዚያ አቆጣጠር ስለ ሆነ ነው።

ሙዚየም ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ተማሪዎች በሰልፍ ገብተው በሰልፍ የሚወጡበትን ጸጥ ያለ አዳራሽ ነው። በግድግዳው ላይ ሥዕል፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ መስቀልና ብራና አይተን ወደ አውቶቡሳችን እንመለሳለን። የማናየው ግን ከምናየው ይበልጣል። በእንጨት ላይ የተሣለ የጥንት ሥዕል ነቀዝ ይበላዋል፤ በክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ ቀለሙ ይሰነጠቃል። ብራናም ብርሃን ከበዛበት የሥዕሉ ቀለም ይገረጣል። ጣራው ካፈሰሰማ የብዙ መቶ ዓመት ሥራ በአንድ ሌሊት ዝናብ ይጠፋል። ስለዚህ ዘበኛ፣ መዝገብ ያዥ፣ የጥገና ባለሙያ፣ መብራትና ቆርቆሮ ያስፈልጋል፤ ይህም ሁሉ በየወሩ ደመወዝና ዋጋ የሚጠይቅ ነው። ከጎብኚ በሚሰበሰበው የመግቢያ ዋጋ ብቻ ይህን ሁሉ የሚችል ሙዚየም በዓለም ላይ ጥቂት ነው። በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ትልልቆቹ ሙዚየሞች ገንዘብ የመጠየቅን ሥራ ብቻ የሚሠራ ክፍል አላቸው፤ በእርሱም ውስጥ መንግሥትንና ፋውንዴሽኖችን ብቻ የሚከታተል ኃላፊ ይሾማሉ።

ይህ ኃላፊ የሚያንኳኳቸው በሮች ብዙ ቢመስሉም ሲጠቀለሉ ሦስት ናቸው፤ መንግሥት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ፋውንዴሽን፣ ሦስተኛው ደግሞ የሙዚየሙ ወዳጆች። ሦስቱም ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ጠባያቸው እንደ ሦስት ወንድማማቾች የተለያየ ነው። ከአንደኛው የሚገኘውን ከሁለተኛው የሚጠይቅ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

የሦስተኛውን፣ ማለት የወዳጆችን ጠባይ ለማወቅ ከከተማችን ሳንወጣ እስከ ስድስት ኪሎ ብቻ እንሂድ። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ ነበረ። ከ1960 የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በ1963 የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተና በዚያው ቤት ገባ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተር ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ነበሩ። ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን በማደራጀት እጅግ የደከሙት ደግሞ የፖላንድ ተወላጁ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ናቸው፤ እኒህ ሰው የኢትዮጵያን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በማጥናት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሊቅ ነበሩ። እንግዲህ ቤቱ ከዙፋን ተገኘ፣ ደመወዙም ከዩኒቨርሲቲው ተገኘ። ታዲያ ምን ጎደለ?

የጎደለው ፈጣን ገንዘብ ነበር። የገበታ ሥዕል፣ የእጅ መስቀልና ብራና ከየገጠሩ ወደ አዲስ አበባ ገበያ ይመጣል፤ ገዢውም ብዙውን ጊዜ የውጭ አገር ጎብኚ ነው። ነጋዴው ዕቃውን ዛሬ ያሳያል፤ ጎብኚው በነገው አውሮፕላን ይሄዳል። ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክል ሕግ ቢኖርም፣ ሕግ በሩን ይዘጋል እንጂ ዕቃውን ገዝቶ በመደርደሪያ ላይ አያስቀምጥም። የመንግሥት በጀትም ለነገ ጠዋት አይከፈትም። ባለፈው ዓመት በጀት ሲዘጋጅ ይህ መስቀል በዚህ ቀን በዚህ ነጋዴ እጅ እንደሚገኝ ማን አስቦ በመዝገብ ሊያስገባው ይችል ነበር?

ስለዚህ በ1968 የተቋሙ ወዳጆች ማኅበር ተቋቋመ። አባሎቹ ኢትዮጵያውያንና እዚህ የሚኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ መዋጮ አዋጡ፣ ከሌላም ለመኑ፣ በተገኘውም ገንዘብ ሥዕሉን፣ መስቀሉን፣ ብራናውን ከአገር ሳይወጣ እየገዙ ለሙዚየሙ አስረከቡ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እንዲህ ላለው ነው። እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን የጥያቄያቸው አኳኋን ነው። «ለባህል እድገት ርዱን» የሚል ጥያቄ ማንንም አያስቸኩልም። ይህ አንድ ዕቃ አለ፣ ዋጋው ይህን ያህል ነው፣ ዛሬ ካልተገዛ ነገ አይኖርም የሚለው ግን ሰውን ከወንበሩ ያስነሣል። ሰጪውም ከዓመት በኋላ ወደ ስድስት ኪሎ ሄዶ ያን መስቀል በመስተዋቱ ውስጥ ቆሞ ሊያየው ይችላል። በገንዘብ አሰባሰብ ነገር ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት በየትኛውም የውጭ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል ብዬ አላምንም።

ወደ መንግሥት በር እንሂድ። የመንግሥት ገንዘብ እንደ ዓባይ ወንዝ ሰፊ ነው፤ ነገር ግን የሚፈስበት ወቅት አለው። የበጀታችን ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ቀን ያልቃል፤ በዓመቱ ውስጥ ሥራ ላይ ያልዋለው ገንዘብ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ስለዚህ ሐምሌ ውስጥ ማመልከቻ ይዞ የሚሄድ ሰው አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ዘር ይዞ እንደ መጣ ገበሬ ነው። መንግሥት ደመወዝ፣ ቤት፣ መብራት፣ ዘበኛ ይሰጣል፤ እነዚህም ሌላ ማንም መስጠት የማይወዳቸው ነገሮች ስለ ሆኑ ምስጋና ይገባዋል። ሲሰጥ ግን የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ይህ ስንት ሰው ይጠቅማል? የማን ኃላፊነት ነው? ለምን ዘንድሮ?

የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት በምንማርበት ክፍል የነህምያን ታሪክ ያነበብን ሁሉ፣ ከመንግሥት ገንዘብ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያስተምር ከዚያ የተሻለ ታሪክ እንደሌለ ሳናስተውል አልፈነዋል። ነህምያ ቅጥሩ የፈረሰባትን የአባቶቹን ከተማ ሊያድስ ፈለገ። ንጉሡ አርጤክስስ ምን እንደሚፈልግ በጠየቀው ጊዜ ዝም ብሎ አላለቀሰም። የሚቆይበትን ጊዜ ቆርጦ ነገረው፤ በመንገዱ ላሉት አገረ ገዢዎች ደብዳቤ ጠየቀ፤ የንጉሡን ዱር ለሚጠብቀው ለአሳፍም ለበሮቹና ለቅጥሩ የሚሆን እንጨት እንዲሰጠው የሚያዝ ሌላ ደብዳቤ ጠየቀ። ተመልከቱ፤ የባለ ሥልጣኑን ስም ያውቃል፣ እንጨቱ የሚገኝበትን ስፍራ ያውቃል፣ የሚፈጅበትን ጊዜ ያውቃል። ኢየሩሳሌም ከደረሰም በኋላ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ወጥቶ የፈረሰውን ቅጥር በዓይኑ መረመረ። የሙዚየም ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰውም ቢሮ ተቀምጦ ከመጻፉ በፊት ጣራው የት ላይ እንደሚያፈስ ወጥቶ ማየት አለበት።

የመንግሥታት ገንዘብ ዘግይቶም ቢሆን ትልቅ ነገር እንደሚሠራ በዓይናችን አይተናል። በአፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። አዳራሹ በ1961 ተሠርቶ እያረጀ ሲሄድ፣ በ2015 መጨረሻ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለእድሳቱ 57 ሚሊዮን ገደማ ዶላር ፈቀደ። የታደሰው አዳራሽ የተከፈተው በጥቅምት 2024 ነው። ከመፍቀድ እስከ መክፈት ስምንት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚመራ ሰው ትዕግሥት ከሌለው ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል።

የመንግሥት በር በድንገት ሊዘጋም ይችላል። የአሜሪካ መንግሥት በ1965 ለኪነ ጥበብ ገንዘብ የሚሰጥ አንድ ብሔራዊ መሥሪያ ቤት አቋቁሞ ነበር፤ ይህ መሥሪያ ቤት በ2025 ለብዙ ሙዚየሞችና ቲያትር ቤቶች የፈቀደውን ገንዘብ በአንድ ሰሞን በደብዳቤ ሰረዘ። በአንድ በር ብቻ የሚኖር ሙዚየም ያ በር የተዘጋ ቀን ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ሁለተኛው በር፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ለእኛ ለዘነበወርቅ ልጆች እንግዳ አይደለም። የምንኖርበት ሰፈር ስሙን ያገኘው በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንድ ሚሲዮናዊ ሐኪም ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ካሠሩት ሆስፒታል ነው፤ ሆስፒታሉም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም ተጠራ። በ1965 ደግሞ የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ዩኒቨርሲቲውና የውጭ አገር የበጎ አድራጎት ማኅበሮች ተባብረው ዛሬ ሁላችንም አለርት የምንለውን ማእከል አቋቋሙ። ልብ በሉ፤ ጥያቄው «ለእነዚህ ሕሙማን ምግብ ስጡ» የሚል ብቻ ቢሆን ኖሮ ምግቡ ሲያልቅ ነገሩም ባለቀ ነበር። የማእከሉ ስም ግን የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ማቋቋሚያና ማሠልጠኛ ማለት ነው። ሐኪም እዚህ ይሠለጥናል፣ ወደየአገሩ ሄዶ ያክማል። ሰጪው ከአንድ ሰፈር ችግር አልፎ የአንድ አህጉር መፍትሔ እንዲታየው ሆነ። በ1970ም የኖርዌይና የስዊድን የሕፃናት አድን ማኅበሮች የሥጋ ደዌን ተሐዋስ ባገኘው በኖርዌጂያዊው አርማወር ሐንሰን ስም የሚጠራውን የምርምር ተቋም በዚያው ግቢ አቋቋሙ። ዛሬ ሁለቱም በጤና ሚኒስቴር ሥር ናቸው። ይህ ማለት ድርጅት ይጀምራል፣ መንግሥት ይወርሳል። የፋውንዴሽን ጠባይ እንዲህ ነው፤ አዲስ ነገር መጀመር ይወዳል፣ ለዘለዓለም የዘበኛ ደመወዝ መክፈል ግን አይወድም። ስለዚህ ለፋውንዴሽን የሚጻፈው ማመልከቻ ሁሉ «እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ይህን ማን ይሸከመዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል።

በሥነ ጥበብ ረገድም ምሳሌው አልጠፋም። ሠዓሊውና ባለቅኔው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነበር፤ በኋላም ተሰድዶ በ1981 በአሜሪካ አረፈ። በጀርመን የቀሩት ሥዕሎቹ ከዘመናት በኋላ በጀርመን መንግሥት ርዳታ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በስሙ የተጠራ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተ። የአንድ ሰው ሥራ ሁለት አገር ያገናኛል። የሚጠይቀው ሰው ብልህ ከሆነ ይህን ያውቃል፤ ሥዕሉ የተሣለበት አገር፣ ሠዓሊው የተማረበት አገር፣ በየትኛው በር መግባት እንደሚቻል ያሳያል።

በዚህ ስፍራ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ድርጅት ስንል ለምን ሁልጊዜ የውጭ ድርጅት ብቻ ይታየናል? አገራችን የራሷ የሽልማት ድርጅት ነበራት። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የሽልማት ድርጅት በ1964 አፈወርቅ ተክሌን፣ በ1965 ገብረ ክርስቶስ ደስታን፣ በ1967 እስክንድር ቦጎሲያንን ሸልሞአል። ሦስቱም በኋላ ምን ዓይነት ሰዎች እንደ ሆኑ ለማየት ስማቸው ይበቃል። ድርጅቱ ከ1974ቱ አብዮት ጋር ቀረ። ዛሬ ባለጠጎቻችን ገንዘብ የላቸውም ማለት አይቻልም፤ በግንቦት 2019 በቤተ መንግሥት በተደረገው «ገበታ ለሸገር» በተባለው ግብዣ ላይ የአንዱ ወንበር ዋጋ 5 ሚሊዮን ብር ነበር፤ ወንበሩም ከፋይ አግኝቶአል። ያ ገንዘብ ለወንዝ ዳር ማስዋብ ነው፤ መልካም ነገር ነው። እኔ የምለው፣ ጠሪው ጠቅላይ ሚኒስትር ሳይሆን የሙዚየም ኃላፊ ቢሆን ስንቱ ይመጣ ነበር? ይህን ጥያቄ ለወላጆች እተወዋለሁ።

ብዙ ለጋሾች ደግሞ አንድ ብልሃት አላቸው፤ ብቻቸውን አይሰጡም። ያ ቀደም ብዬ የጠቀስሁት የአሜሪካ መሥሪያ ቤት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሥራ ወጪ ከግማሽ በላይ አይከፍልም፤ ግማሹን ሌላ ሰው መክፈል አለበት። እንበልና የአንድ ክፍል እድሳት 300,000 ብር ይፈጃል። 150,000 ብር የሚሰጠው ድርጅት «ቀሪውን አምጣና አሳየኝ» ይላል። በመጀመሪያ ሲሰሙት ንፍገት ይመስላል። ነገር ግን የራሱ ሰፈር ያልረዳውን ቤት ሌላ ሰው ለምን ይረዳዋል? ስለዚህ ጥሩ ገንዘብ አሰባሳቢ ትልቁን በር ከማንኳኳቱ በፊት ትንንሾቹን በሮች ያንኳኳል፤ ከሰፈሩ የተገኘች 10,000 ብር ከገንዘብነቷ ይልቅ ምስክርነቷ ይበልጣልና።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ የሚመጣው ሥራ ደግሞ ማንም የማያጨበጭብለት ነው፤ ሒሳብ ማቅረብ ማለቴ ነው። ይህን እናቶቻችንና አባቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። በሰፈራችን ዕድር ውስጥ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ በመዝገብ ነው፤ ገንዘብ ያዡ ብቻውን አያወጣም፣ ዳኛውና ጸሐፊው ይፈርማሉ። አንድ ብር ቢጎድል በእሑድ ስብሰባ ላይ ይጠየቃል። ሐዋርያው ጳውሎስም ከቆሮንቶስና ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ሲያሰባስብ ገንዘቡን ብቻውን አልተሸከመም፤ ቲቶንና በአብያተ ክርስቲያናት የተመረጠ ሌላ ወንድም አብረው እንዲሄዱ አደረገ፤ ምክንያቱንም ሲገልጥ ማንም እንዳይነቅፈን ነው ይላል። ሐዋርያ እንኳ ምስክር ካስፈለገው የሙዚየም ኃላፊ እንዴት አያስፈልገው? የታተመ ደረሰኝ፣ የዕቃው ፎቶግራፍ፣ የተገዛበት ቀን፣ የተረፈው ገንዘብ ሁሉ በጊዜው ለሰጪው መድረስ አለበት። ሥራው ሳይሳካ ሲቀርም አልተሳካም ብሎ መጻፍ ያስፈልጋል። ለሁለተኛ ጊዜ የሚሰጡት ሰዎች ብዙውን ጊዜ እውነተኛ ሪፖርት ያገኙት ናቸው።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ጥያቄ፣ ወደ ልመናው ነገር እመጣለሁ። በዚህ ሰፈር ይህ ቃል ቀላል ቃል አይደለም። አያቴ ወደ ዘነበወርቅ የመጣችው በሥጋ ደዌ ምክንያት ከአገሯ ተለይታ ነው። ከበሽታው ከዳነች በኋላም ወደ አገሯ መመለስ ስላልቻለች እዚሁ ቀረች። ሰው እርሷንና ባልንጀሮቿን የሚጠራበትን ስም በዚህ አዳራሽ አልደግመውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተቀምጣ ለምናለች፤ በኋላ ግን ጥልፍ ተማረች። እንዲህ ትለኛለች፤ «ስለምን ሰው ፊቴን አይቶ ሳንቲም ይጥልልኝ ነበር፤ ጥልፍ ስጀምር ግን እጄን አይቶ ዋጋውን ጠየቀኝ።» እጆቿን ያየ ሰው ይህ ንግግር ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

እኔም ከእርሷ የተማርሁት ይህን ነው። ለማኝ ችግሩን ያሳያል፤ ለሙዚየም የሚጠይቅ ሰው ግን የሚጠበቀውን ዕቃ ያሳያል። ለማኝ የተሰጠውን ምን እንዳደረገበት አይጠየቅም፤ ይኸኛው ይጠየቃል፣ መጠየቁንም ይፈልጋል። ለማኝ የሰጡትን ሁሉ ይቀበላል፤ ይኸኛው ግን አንዳንድ ጊዜ «አይሆንም» ማለት አለበት።

ስለዚህ «አይሆንም» ስለሚባለው ነገር ጥቂት ልጨምር፤ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነውና። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ በ2007 ወደ አሜሪካ ሄዳ በሂዩስተን ከተማ ሙዚየም ለሕዝብ ታየች። የሄደችው ቅጂዋ ሳይሆን እውነተኛው አጥንቷ ነበር። ከዓላማዎቹ አንዱ ለአገራችን ሙዚየሞች ገንዘብ ማስገኘት ነበረ። ብዙ የሳይንስ ሰዎች እንዲህ ያለ የማይተካ ነገር ከቦታው መንቀሳቀስ የለበትም ብለው ተቃወሙ፤ በዋሽንግተን የሚገኘው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም አልቀበልም አለ። በሲያትል ከተማ ደግሞ የተጠበቀው ያህል ጎብኚ ስላልመጣ ያሳየው ድርጅት ከሰረ። ድንቅነሽ በ2013 በደኅና ተመለሰች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ዓለም ስለ አገራችን እንዲያውቅ አድርጋለች የሚሉትን ሰዎች ንግግር ሰምቻለሁ፤ እውነትም አለበት። ይሁን እንጂ በእኔ አስተያየት ሙዚየም ሊጠብቀው የቆመለትን ነገር ራሱን ለገንዘብ በመንገድ ላይ ማውጣት፣ ላም ለማርባት ብሎ ጥጃውን እንደ መሸጥ ነው። አሰባሳቢው ገንዘቡን ሲያይ የዕቃ ጠባቂው ድምፅ እንዳይዋጥ፣ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው መወሰን አለባቸው። ዕቃ ጠባቂው ካልፈረመ ውሉ አይፈረም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ። የዘነበወርቅ እናቶች የጠለፏቸው መጋረጃዎች፣ የግድግዳ ጌጦችና የአልጋ ልብሶች በጎብኚዎች ሻንጣ ሆነው ወደ ብዙ አገር ሄደዋል። ዛሬም በኦስሎ ወይም በለንደን በሰው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ይኖራል። እዚህ ሰፈር ግን አንድ ልጅ «የአያቴ ሥራ ይህ ነው» ብሎ ጓደኛውን ወስዶ የሚያሳይበት አንድ ክፍል እኔ አላውቅም። ጠላፊዎቹ አርጅተዋል። ከጥልፉ በፊት የሚጠፋው ደግሞ ስማቸው ነው፤ በጨርቁ ላይ የሠራተኛዋ ስም አልተጻፈምና። አያቴ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የተጠለፈ ጨርቅ ስታይ በስፌቱ ብቻ የማን እጅ እንደ ሆነ ትናገራለች። እርሷ ካለፈች በኋላ ይህን የሚናገር አይኖርም። ከስድስት ኪሎው መስቀል ጋር አንድ ነው፤ ዛሬ ካልተያዘ ነገ የለም።

ስለዚህ የታሪክ ክበባችን ለሦስቱም በሮች ሦስት ደብዳቤ አርቅቆአል። ከወረዳው የምንጠይቀው ከቤተ መጻሕፍቱ አጠገብ ያለው አሮጌ ዕቃ ቤት እንዲታደስና ዘበኛ እንዲመደብለት ነው፤ ይህም ደብዳቤ የሚመጣው ዓመት በጀት ሳይዘጋ፣ ማለት እስከ ሚያዝያ፣ መድረስ አለበት። ከአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የምንጠይቀው ሁለት የመስተዋት ሣጥንና ጥልፎቹን ከብል የሚጠብቅ ዕቃ ብቻ ነው፤ ደመወዝ አንጠይቅም፣ ምክንያቱን ቀደም ብዬ ተናግሬአለሁ። ሦስተኛው ደብዳቤ ለእናንተ ነው። እርሱ የሚጠይቀው የመዝገቡን ደብተርና የፎቶግራፉን ዋጋ፣ ከዚያም ይልቅ ጥልፎቹን ነው። ጥልፉን መስጠት የማትፈልግ እናት አትስጥ፤ ፎቶግራፉን አንሥተን፣ ማን እንደ ጠለፈው ጽፈን ወዲያው እንመልስላታለን። የእያንዳንዱን ብር ሒሳብ በየወሩ በትምህርት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ገንዘብ ያዣችን መምህር፣ ፈራሚዎቹ ደግሞ አንድ ተማሪና ከዕድሩ የተመረጡ አንዲት እናት ናቸው።

ረቂቆቹ ከሰኞ ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ ይገኛሉ። የተሳሳተ ቍጥር ወይም የጎደለ ነገር ያየ ሰው በእርሳስ ይጻፍበት። የጥልፍ ምዝገባው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በዚሁ አዳራሽ ይደረጋል፤ አያቴም መነጽሯን ይዛ ትመጣለች።